ጭሱን ይዞ መቅበር

የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን ጭስ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ይዞ ከመሬት ሥር የመቅበሩ ሥራ በካናዳና በቴክሳስ ተሞክሯል። ማሽኑ ሠርቷል። ታዲያ ለምን አልተስፋፋም?

ኤስተቫን በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት፣ ከአሜሪካ ድንበር አጠገብ ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዐይን እስኪደክም የተዘረጋ የእርሻ ሜዳ ነው። ከአፈሩ ሥር ግን ከሰል አለ፤ ሊግናይት የሚባለው፣ ቡናማ፣ እርጥበት የበዛበት፣ ሙቀቱም አነስተኛ የሆነ ዓይነት። ግዙፍ የቁፋሮ ማሽኖች አፈሩን እየገለጡ ያወጡታል፤ ብዙም ሳይርቅ እዚያው ከተማዋ አጠገብ ባለው የባውንደሪ ዳም የኃይል ማመንጫ ይነድዳል። ከከተማዋ ነዋሪ ብዙው እንጀራው ከዚህ ከሰል ጋር የተያያዘ ነው፤ አንዱ ማዕድኑ ውስጥ ይሠራል፣ ሌላው ማመንጫው ውስጥ፣ ሦስተኛው ለሁለቱም የሚያገለግል ጋራዥ ወይም ምግብ ቤት አለው።

የዓለምን ትኩረት የሳበው የዚህ ማመንጫ ሦስተኛ ክፍል ነው። በኦክቶበር 2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርጅቶ የነበረው ይህ ክፍል ታድሶ፣ ጭሱን የሚያጣራ ትልቅ ፋብሪካ ከጎኑ ተተክሎለት ሥራ ጀመረ። ከከሰል ማመንጫ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በንግድ ደረጃ ይዞ ወደ መሬት ሥር በመላክ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ባለቤቱ ሳስክፓወር የተባለው የግዛቲቱ የመንግሥት ኩባንያ ነው። እድሳቱን ጨምሮ ወደ 1.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ወጥቶበታል፤ ከዚህ ውስጥ 240 ሚሊዮኑን የሰጠው የፌዴራል መንግሥቱ ነው። የታሰበው ከጭሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 90 እጁን፣ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ያህል ለመያዝ ነበር።

«ንጹሕ ከሰል» የሚለውን አባባል ከፖለቲከኞች አፍ ያልሰማ የለም። አንዱ የዓለምን ሙቀት የሚያበርድ መድኃኒት ያደርገዋል፤ ሌላው የከሰል ኩባንያዎች ማዘናጊያ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ወገኖች ይህችን ከተማ በማስረጃነት ያነሣሉ። ስለዚህ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ከቅርብ ማየት ይሻላል።

ጭሱ ማማው ውስጥ

ከሰል ሲነድድ የሚወጣው ጭስ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመቶ ከ12 እስከ 15 እጅ ቢሆን ነው። ጭሱን እንዳለ አምቆ መቅበር የማይቻለውም ለዚህ ነው፤ ለምንም የማይፈለገውን ናይትሮጅን አብሮ ማመቅና መቅበር ሊኖር ነው። የሚፈለገው ጋዝ መለየት አለበት።

መጀመሪያ አመዱ ይጣራል፣ ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ ድኙ ይወሰዳል። ባውንደሪ ዳም ላይ የተወሰደው ድኝ ሰልፈሪክ አሲድ ሆኖ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ጭሱ ረጅም ማማ ውስጥ ከታች ይገባና ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ደግሞ አሚን የሚባል ኬሚካል ያለበት ፈሳሽ ይወርድበታል። ፈሳሹና ጭሱ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከአሚኑ ጋር ይጣበቃል፤ የቀረው ጭስ በማማው አናት በኩል ይሄዳል። ጋዙን የተሸከመው ፈሳሽ ወደ ሌላ ማማ ይገፋል። እዚያ በእንፋሎት እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ የያዘውን ይለቅቃል። ንጹሑ ጋዝ ወደሚያምቀው ኮምፕሬሰር ይሄዳል፣ ፈሳሹም ቀዝቅዞ ወደ መጀመሪያው ማማ ይመለሳል። ይኸው ዑደት ሌት ተቀን ይቀጥላል።

ኬሚስትሪው አዲስ አይደለም። በአሚን ጋዝ የመለየት ዘዴ በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1930 ነው። የተፈጥሮ ጋዝ አምራቾች ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥም ሠራተኞቹ የሚተነፍሱት አየር የሚጣራው በዚሁ ነው።

ከባዱ ነገር ሙቀቱ ነው። ፈሳሹን የሚያፈላው እንፋሎት ተርባይን አዙሮ መብራት ሊያመነጭ ይችል የነበረ እንፋሎት ነው። ኮምፕሬሰሩም የራሱን ኃይል ይፈልጋል። ጭሱን የሚይዝ የከሰል ማመንጫ ከሚያመነጨው ከአምስት አንዱን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠውን ጭሱን ለመያዝ ያውለዋል። ያንን ለማካካስ ተጨማሪ ከሰል መቆፈርና ማንደድ ያስፈልጋል፤ ከሰሉ ሲቆፈር የሚፈርሰው መሬትና የሚከመረው አመድም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለ ንጹሕ ከሰል ሲወራ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል ግን አልነበረበትም።

> ፈሳሹን የሚያፈላው እንፋሎት ተርባይን አዙሮ መብራት ሊያመነጭ ይችል የነበረ እንፋሎት ነው።

አመዱ ያመጣው ጣጣ

ሥራው በተጀመረ በዓመቱ የሳስክፓወር የውስጥ ሰነዶች በተቃዋሚ ፓርቲ በኩል ይፋ ወጡ። ፋብሪካው የሠራው ከታቀደለት ጊዜ ከመቶ 40 ያህሉን ብቻ ነበር። ጋዙን ለመግዛት የተዋዋለው የነዳጅ ኩባንያ የሚፈልገውን ያህል ስላላገኘ ሳስክፓወር ቅጣት ከፈለ።

ምክንያቱን ለመረዳት አመዱን ማየት ይበቃል። ከሰሉ ሲነድድ ከዱቄት የላመ አመድ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ማጣሪያው አብዛኛውን ይይዘዋል፤ ያመለጠው ጥቂቱ ግን ማማው ውስጥ ገብቶ ከፈሳሹ ጋር ይቀላቀላል። አመዱ ውስጥ ያሉት ብረት ነክ ንጥረ ነገሮች አሚኑ ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋሉ። የተበላሸ አሚን አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ማማውን ያፍናል፤ ሙቀት የሚለዋወጡት ሰሌዳዎች በዝቃጭ ይደፈናሉ። ያኔ ሁሉም ነገር ቆሞ ይታጠባል፣ ውዱ ኬሚካልም በአዲስ ይተካል። በንጹሕ ጋዝ ላይ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ዘዴ የሊግናይትን ጭስ ሲቀምስ የገጠመው ይህ ነው።

መሐንዲሶቹ እየተማሩ አሻሽለውታል። የሚደፈኑት መሣሪያዎች ተጠባባቂ እንዲኖራቸው ተደረገ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል። በ2021 ደግሞ የዋናው ኮምፕሬሰር ሞተር ተበላሽቶ ሥራው ለወራት ተስተጓጎለ። እንዲህ እየወደቀ እየተነሣም ቢሆን በ2023 ፋብሪካው ከተመረቀ ጀምሮ የያዘው ጋዝ አምስት ሚሊዮን ቶን ደረሰ። በዓመት አንድ ሚሊዮን ከተባለው ብዙ ያንሳል። ሆኖም አምስት ሚሊዮን ቶን ወደ ሰማይ ያልወጣ ጭስ ነውና ከንቱ ልፋት ነው ሊባል አይገባም።

እነዚሁ ባለሙያዎች ከስህተታቸው የተማሩትን ይዘው በ2018 አንድ ጥናት አወጡ። እዚያው አካባቢ ባለው ሻንድ በተባለ ማመንጫ ላይ ተመሳሳይ ፋብሪካ ቢተከል የግንባታው ወጪ በአንድ ቶን ሲሰላ ከመጀመሪያው በ67 ከመቶ እንደሚያንስ አሳዩ። ጥናቱ በወጣበት በዚያው ዓመት ግን ሳስክፓወር የባውንደሪ ዳምን አራተኛና አምስተኛ ክፍሎች ጭስ ለመያዝ የነበረውን ሐሳብ ተወ። የተፈጥሮ ጋዝ ርካሽ ነበር፤ የመብራት ደንበኛውም ሌላ ቢሊዮን እንዲጫንበት አልፈለገም። ለመጀመሪያው ከፍተኛ ዋጋ ተከፍሎ የተገኘ ትምህርት ሁለተኛውን ለመገንባት ሳይውል ቀረ። በኔ እምነት የዚህ ታሪክ ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው።

የጋዙ ገዢ

ከባውንደሪ ዳም የሚነሣው ቧንቧ 66 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዌይበርን ወደተባለ የነዳጅ ማውጫ ይደርሳል። ዌይበርን ጋዙን ከከሰል ማግኘት የጀመረው ከባውንደሪ ዳም ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ በ2000 ከድንበር ማዶ፣ ከሰሜን ዳኮታ ከሰልን ወደ ጋዝ ከሚቀይር ፋብሪካ በረጅም ቧንቧ ይመጣለት ነበር።

የነዳጅ ኩባንያ ይህን ጋዝ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው ለሥራው ስለሚጠቅመው ነው። ያረጀ የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ነዳጅ ከአለቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኃይል ሲገፋበት ከነዳጁ ጋር ይቀላቀልና ያቀጥነዋል፣ ወደ መውጫው ጉድጓድም ይገፋዋል። ከነዳጁ ጋር ተመልሶ የሚወጣው ጋዝ ተለይቶ እንደገና ይገባል፤ በዚህ ዑደት ውስጥ አብዛኛው እዚያው አለቱ ውስጥ ይቀራል።

የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች እዚህ ላይ ይቆጣሉ። አንዱን ጭስ ቀብሮ ሌላ የሚጨስ ነገር ማውጣት ምን ጥቅም አለው ይላሉ። የነዳጅ ሰዎች ደግሞ ነዳጁ ከዚህ ባይወጣ ከሌላ ቦታ ይወጣ ነበር፣ ይህኛው ቢያንስ ከፊል ጭሱን ቀብሯል ብለው ይመልሳሉ። የኢኮኖሚ ባለሙያው ለሁለቱም አዎ ብሎ ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ ነዳጅ ባይኖርበት ኖሮ ጋዙን ማን ይገዛ ነበር? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሰሜን አሜሪካ የተቀበረው የከሰል ማመንጫ ጭስ አብዛኛው የተቀበረው ነዳጅ ስለሚያወጣ ነው። ነዳጅ ሲረክስ ደግሞ ቀብሩም ይቆማል።

ነዳጅ ሲረክስ

ይህ የሆነው ቴክሳስ ውስጥ ነው። ከሂዩስተን ደቡብ ምዕራብ ባለው ደብልዩ ኤ ፓሪሽ የኃይል ማመንጫ ላይ ፔትራ ኖቫ የተባለ ፋብሪካ በ2017 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል፤ 190 ሚሊዮኑ ከአሜሪካ መንግሥት የተገኘ ነው። በታሰበለት ጊዜና በታሰበለት ገንዘብ ማለቁ ብዙ ተወድሶለታል። እንፋሎቱን ከከሰል ማመንጫው ላለመሻማት የራሱ የተፈጥሮ ጋዝ ማመንጫ ተሠራለት። የሚይዘው ከአንዱ ክፍል ጭስ የተወሰነውን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ግን ከመቶ 90 ያህሉን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለያል። ጋዙ በ130 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ዌስት ራንች ወደተባለው የነዳጅ ማውጫ ይሄዳል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን እንቅስቃሴ ሲያቆም የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ፔትራ ኖቫ ቆመ። የከሰል ማመንጫው መሥራቱን ቀጠለ፣ ጭሱም እንደ ድሮው በጭስ ማውጫው መውጣት ጀመረ። የፋብሪካው አሜሪካዊ ባለድርሻ የነበረውን ግማሽ ድርሻ በ2022 ለጃፓናዊ አጋሩ ሲሸጥ ያገኘው 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፋብሪካው እንደገና የተነሣው ነዳጅ ዋጋ ካገኘ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2023 ነው።

> ጭሱን መያዙ የቆመው ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ የነዳጅ ዋጋ ስለወደቀ ነው።

ሚሲሲፒ ውስጥ ኬምፐር በተባለ ቦታ የተሞከረው ከዚህም የከፋ ነበር። ከሰሉን ከማንደድ በፊት ወደ ጋዝ ቀይሮ ካርቦኑን አስቀድሞ ለመለየት ታቅዶ ወጪው ወደ 7.5 ቢሊዮን ዶላር አሻቀበ፤ በ2017 የከሰሉ ነገር ተትቶ ማመንጫው በተፈጥሮ ጋዝ ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። ከሰሉን ወደ ጋዝ ሊቀይር የነበረው ግንባታ በ2021 በፈንጂ ፈረሰ።

ከመሬት በታች

ሰው በብዛት የሚጠይቀው ግን ስለ ገንዘቡ አይደለም። የተቀበረው ተመልሶ ቢወጣስ? ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በኦገስት 1986 ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ ሥር የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ሌሊት ፈንቅሎ ወጥቶ በሸለቆው ያሉ 1,700 ያህል ሰዎችን ገደለ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ቀለም የለውም፣ ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ ሚሲሲፒ ውስጥ ሳታርሺያ በተባለች መንደር አጠገብ ይህን ጋዝ የሚያጓጉዝ ቧንቧ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ሲንሸራተት ተበጠሰ። ለማምለጥ መኪና ያስነሡ ሰዎች ሞተሩ ኦክስጅን አጥቶ መንገድ ላይ ጠፋባቸው። የሞተ የለም፤ ከ40 በላይ ሰዎች ግን ሆስፒታል ገቡ። ጋዙ የመጣው ከከሰል ማመንጫ ሳይሆን ከተፈጥሮ ክምችት ቢሆንም ቧንቧው ያው ቧንቧ ነው። ስለዚህ በመንደሩ በኩል ቧንቧ ሊያልፍ ነው ሲባል የሚቃወም ገበሬ ሥልጣኔ ጠልቶ ነው መባል የለበትም።

ጥልቀት ያለው ቀብር ግን ከሐይቅም ከቧንቧም ይለያል። ጋዙ ከ800 ሜትር በታች ሲወርድ ከላይ ያለው ጫና አምቆ እንደ ፈሳሽ ያከብደዋል፤ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። የሚገባው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወዳሉት አለት ሲሆን፣ ከላይ ደግሞ የማያሳልፍ አለት መኖር አለበት። ኤስተቫን አጠገብ ለነዳጅ ማውጫ ያልተላከው ጋዝ የሚገባበት ጉድጓድ 3.4 ኪሎ ሜትር ይጠልቃል፤ እዚያ ያለው ጨዋማ ውሃ የሞላው የአሸዋ አለት ነው።

የላዩ አለት ከተሰነጠቀ ምን እንደሚሆን እኛ በየቀኑ እናየዋለን። የአምቦ ውሃን የሚያፈላው ጋዝ ይኸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከጥልቅ መሬት ተነሥቶ በስንጥቁ ሽቅብ የሚወጣ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ለቀብር ቦታ ሲመርጡ የሚሸሹት እንዲህ ያለውን መሬት ነው።

በ2011 ዌይበርን አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ጋዙ ወደ እርሻችን ወጥቷል ብለው አቤት ብለው ነበር። ገለልተኛ ተመራማሪዎች አፈሩን መርምረው ጋዙ አፈር ውስጥ ባሉ ሥነ ሕይወታዊ ሂደቶች የተፈጠረ ነው አሉ። ውጤቱ ይሁን ብለን እንቀበለው፤ ነገር ግን ገበሬው አቤት እስኪል መጠበቅ አልነበረበትም። የቀብሩ ባለቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መለካትና ልኬቱን ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት።

ኖርዌይ ያወጣችው ዋጋ

ከነዳጅ ዋጋ ጋር ሳይወድቅና ሳይነሣ የቆየ ቀብር አለ። በሰሜን ባሕር ስላይፕነር ከተባለው የጋዝ ማውጫ በ1996 የተጀመረው ቀብር ከከሰል ጋር አይገናኝም፤ ከተፈጥሮ ጋዝ የሚለየውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል በታች ባለ የአሸዋ አለት ውስጥ ያስገባል፤ በብዙዎቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኖርዌይ በ1991 በካርቦን ላይ ግብር ጣለች። ጋዙን ወደ ሰማይ መልቀቅ ገንዘብ የሚያስከፍል ሲሆን መቅበሩ ረከሰ።

አሜሪካ የመረጠችው ሌላውን መንገድ ነው። ለቀበረ ሰው ከግብሩ ይቀንስለታል፤ በ2022 የወጣው ሕግ ዝም ብሎ ለሚቀብር በቶን እስከ 85 ዶላር፣ ነዳጅ ለሚያወጣበት እስከ 60 ዶላር ሰጠ። በ2025 ልዩነቱ ቀርቶ ሁለቱም እኩል ሆኑ። ጭሱን ዝም ብሎ ለሚለቅቅ ግን በፌዴራል ደረጃ የሚያስከፍል ነገር የለም። ስለዚህ የማመንጫ ባለቤቱ ምርጫ ግልጽ ነው፤ ድጎማው ካዋጣው ይቀብራል፣ ካላዋጣው ይለቅቃል። ለአሥር ዓመታት የታየው መውደቅና መነሣት በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው። ግብር ይሁን ሕግ፣ ጭስ መልቀቅ ዋጋ እስካላስከፈለ ድረስ የቱንም ያህል ጥሩ ማማ ቢሠራ ከነዳጅ ገበያው ጋር ሲከፈትና ሲዘጋ ይኖራል።

የታዳሽ ኃይል ሰዎች ይህ ሁሉ ገንዘብ ለፀሐይና ለነፋስ ቢውል ይሻላል ይላሉ። አዲስ ማመንጫ ለሚሠራ አገር እውነታቸውን ነው። ግን በዓለም ከሁለት ሺህ የሚበልጡ የከሰል ማመንጫዎች አሉ፤ ከግማሽ በላዩ የከሰል ኃይል ያለው ቻይና ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹም ገና ወጣት ናቸው፣ ለብዙ ዓመታት ሊሠሩ የተገነቡ። ቻይና በጂያንግሱ ባለው ታይጆ ማመንጫ ላይ በ2023 በዓመት 500 ሺህ ቶን የሚይዝ ፋብሪካ ሥራ አስጀምራለች። እነዚህ ማመንጫዎች ነገ ይዘጋሉ ብሎ የሚያምን ካለ ጭሱን መያዝ አያስፈልግም ይበል። እኔ አላምንም።

ጭሱ የማን ነው

ኢትዮጵያ መብራቷን የምታገኘው ከሞላ ጎደል ከውሃ፣ ቀጥሎም ከነፋስ ነው። ከሰል የምናነድደው በዋናነት ሲሚንቶ ለማምረት ነው። የዓለምን አየር ያሞቀው የከሰል ጭስ የእኛ አይደለም፤ ሂሳቡ ግን እኛ ጋር ደርሷል። ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ አልቆ፣ አርብቶ አደሩ መጠለያ ጣቢያ ገብቶ ነበር። ጉዳዩን ያጠኑ ዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች ሰው ሠራሹ የአየር ንብረት ለውጥ የዚያን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ መቶ እጥፍ እንደጨመረ በ2023 አሳውቀዋል።

በ2021 ግላስጎ ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮች የተስማሙት ጭሱ ያልተያዘለትን የከሰል ኃይል ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ነው። ከሰሉ ራሱ ይቁም አልተባለም። በዚህ በር ማንም ሊገባ ይችላል፤ ወደፊት ጭሴን እይዛለሁ ያለ ሁሉ ዛሬ ማንደዱን ይቀጥላል። በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል፤ የከሰል ጉዳይም እዚያ መነሣቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች የባውንደሪ ዳምንና የፔትራ ኖቫን ታሪክ አውቀው ቢገቡ ይጠቅማል። ጭሴን እይዛለሁ የሚል አገር ዘንድሮ ስንት ቶን እንደያዘ፣ የት እንደቀበረ፣ ማን እንደለካውና ነዳጅ ሲረክስ ማን ከፍሎ እንደሚያስቀጥለው ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥ ይጠየቅ። ይህን ማሳየት ያልቻለው የሚያነድደው ከሰል ጭሱ እንዳልተያዘ ተቆጥሮ የመዝጊያው ዓመት ይጻፍለት።